ቶልስቶይ ከጻድቃን መካከል

ቶልስቶይን የማውቀው በልብ ወለዶቹ ነበር። በዓቢይ ጾም መንፈሳዊ ነገር አነባለሁ ብዬ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚያዞር ልጅ ጋር ስከራከር «ይኼ ለጾም ነው ጋሼ!» ብሎ አንድ የእንግሊዝኛ ጥራዝ አስታቀፈኝ። «ኑዛዜ»ና ሌሎች ስለ እምነት የጻፋቸው ናቸው። ሽፋኑ ላይ ኢሊያ ሬፒን እ.ኤ.አ. በ1901 የሣለው ቶልስቶይ ቆሟል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ የገበሬ እጀ ጠባብ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ዝናው የናኘ፣ ርስትና ልጆች የሞሉት ሰው «ከዚያስ?» የምትል ጥያቄ ይዛው፣ ራሱን እንዳይሰቅል ገመድ ከራሱ ይደብቃል፤ ጠመንጃ ይዞ አደን መውጣቱን ይተዋል። ሲጠይቅ የሚደርስበት የለም። የተጣላነው መልሱ ላይ ነው። ግሪክኛውን አገላብጦ አራቱን ወንጌላት አንድ አደረጋቸው፤ ተአምራቱን አወጣ፤ ትንሣኤውንም ጨምሮ! የቀረው በተለይ የተራራው ስብከት ነው። ግን ምን ይደረግ፣ ያችን የተረፈች ቁራጭ እኛ ሙሉውን ከያዝነው ይልቅ አጥብቆ ያዛት፤ በ1894 ያሳተመው «የእግዚአብሔር መንግሥት በውስጣችሁ ናት» ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ወጣቱን ጋንዲን አገኘው።

ጣጣው የመጣው በእናቴ በኩል ነው።

«የየት አገር ሰው ናቸው?»

«የሩሲያ።»

«ኦርቶዶክስ?»

«ነበረ…»

«ነበረ»ን አልሰማቻትም። ማታ ስገባ ቶልስቶይ በአንድ እግራቸው ከቆሙት ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ በግራው አቡዬ ናቸው። በጢም እንደሆነ ብዙም አይተናነሱም። ጧፍ በርቶለታል። ላወርደው እጄን ስዘረጋ «ሥዕሉን በምን እጅህ ነው የምትነካው?» ተባልኩ። መጽሐፌን ተነጥቄ ከረምኩ።

እሑድ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። ሲረጩ፣ ሲረጩ፣ ቶልስቶይ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኒህ ጻድቅ ማን ይባላሉ?»

«ቶልስቶይ ነው አባ። ደራሲ ነው። በ1901 የሩሲያ ሲኖዶስ… አውግዞታል።»

እናቴ ጧፉን እፍ አለችው።

አባ ግን ረጋ ብለው ተቀመጡና «ለመሆኑ ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አሉ። የቆረጠውን ከመንገር የጉድጓዱን ታሪክ መረጥኩ፤ አውሬ ያሳደደው መንገደኛ ጉድጓድ ይገባል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ የያዛትን ቅርንጫፍ ነጭና ጥቁር አይጦች ይቆረጥሟታል፤ እሱ ቅጠሉ ላይ ያለችውን ማር ይልሳል…

«ይህማ የበራላም ነው!» ብለው አቋረጡኝ።

እውነታቸውን ነው። ቶልስቶይ የምሥራቅ ተረት ብሎ የጠራውን ይህን ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ፣ «በራላም ወየዋስፍ»ን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። እኔ ለገሃር ተከራክሬ በእንግሊዝኛ የገዛሁትን አባ ከልጅነታቸው ያውቁታል።

«ጾምስ ይጾም ነበር?»

«ጾሙን ትቶታል። ሥጋ ግን በእርጅናው ዓመቱን ሙሉ አይበላም ነበር።»

«ሥጋ የማይበላ ሰው ነው ያወገዙት?» እናቴ ክብሪቱን ፍለጋ ተነሣች።

«ቆዪ እስቲ» አሏት አባ። «ሲሞት ማን አናዘዘው?»

ነገርኳቸው። በ1910፣ በ82 ዓመቱ ከቤቱ በሌሊት ጠፍቶ ወጣ፤ አስታፖቮ የምትባል ባቡር ጣቢያ ላይ ታሞ ወደቀ። ከኦፕቲና ገዳም አባ ቫርሶኖፊ ሊያዩት መጥተው ነበር፤ ሴት ልጁና አጠገቡ የነበሩ ሰዎች አላስገቧቸውም።

«ልጁ? ልጁ ናት የከለከለቻቸው?» አለች እናቴ። ቶልስቶይን ረሳችው። ክብሪቱን እንደያዘች ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«አባ፣ እርስዎ ይስሙልኝ። እኔ የታመምኩ ቀን ይኼ በር ላይ ቆሞ ቢያገኙት ገፍተውት ይግቡ።»