ፎረል በአሽቀሎን፦ የመጸው ዓሣ ማጥመድ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አንጻር

በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወንዝ የለም። አጥኚው ይህን ያረጋገጠው ከመሳፈሪያ መሳፈሪያ ተዘዋውሮ ነው። ጎንደርን ሳይረግጡ ስለ ቤተ እስራኤል ወፍራም መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ስላሉ ግን የወንዙ አለመኖር ጥናቱን አያጓድለውም።

የተጠናው ፎረል የተባለውን ዓሣ በመጸው ወራት በሰው ሠራሽ ዝንብ የማጥመድ ልማድ ነው። ፎረል ከ20 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ አይስማማውም፤ የአሽቀሎን ባሕር ደግሞ በመጸው በሚውለው በቲሽሪ ወር ከ25 ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ዓሣውን ፍለጋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ከሄርሞን ግርጌ ወዳለው ኪቡጽ ዳን መውጣት ግድ ነው። እዚያ የሚረባበት ውኃ ክረምት ከበጋ 15 ዲግሪ ገደማ ነው።

እንግዲህ ቀዳሚው የማጥመጃ መሣሪያ ዘንግ ሳይሆን ራቭ ካቭ የተባለው የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ ነው። ወቅቱ ግን ከዓሣው ጋር የዶለተ ይመስላል። ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑር፣ ሱኮትና ሲምሐት ቶራ ተከታትለው ይመጣሉ፤ በየዋዜማው አውቶቡስ ይቆማል፤ በመሐል ሻባት ይገባል። ፎረልን የቲሽሪ ወርን ያህል የሚጠብቀው ሕግ አልተገኘም።

መረጃ የተሰበሰበው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ አንድ የወገራ አዛውንት ነው።

«ክንፍና ቅርፊት አለው?» ሲሉ ከዘሌዋውያን ጀመሩ።

«አለው፣ አባባ። ቅርፊቱ ደቃቅ ነው እንጂ አለው።»

አምባዛ የወደቀበትን ፈተና ፎረል በዚህ መልኩ አለፈ። ቀጥሎ አጥኚው ስለ ዝንቡ አስረዳ፦ ከላባና ከክር እንደሚሠራ፣ ኤሊያኖስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት መቄዶንያውያን መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው የአውራ ዶሮ ላባ ያስሩበት እንደነበር መጻፉን፣ ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ገመዱ መሆኑን።

«እኛ ብርብራ ነበር የምንወቅጥ» አሉ።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ብርብራ ዛፍና ድንጋይ ይፈልጋል። ዝንቡ ደግሞ ዘንግ፣ እስከ ብብት የሚደርስ የጎማ ሱሪና ረጅም የዓመት ፈቃድ። ምርታቸውን ማወዳደር ያስቸግራል፤ ባለ ዝንቡ ብዙ ጊዜ የያዘውን መልሶ ይለቃልና። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ለምን ሄደ?» አሉ። አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ስለ ማጥመድ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ አጥጋቢ መልስ የሰጠ የለም።

የዓሣው ትውልድም ተመርምሯል። ቀስተ ደመናማው ፎረል መነሻው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ወንዞች ናቸው። በባሌ ዌብና ዳንካ ወንዞች ያለውም ባላገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ነው። የዳኑም እንደኛው መጤ ነው። ሆኖም ቅሊጣው፣ ማለትም የመጤ አቀባበሉ፣ ሰምሮለታል። እንደኛ ስምህን ቀይር ያለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 መጸው ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ከራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት፣ አይሁዳዊነታችሁ እንዲረጋገጥ ውኃ ውስጥ ግቡ ስለተባሉ ነበር። ፎረል ውኃ ውስጥ ስለተወለደ ይህ ጣጣ አልደረሰበትም፤ ክንፍና ቅርፊቱ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ የአሠራር ችግር ይቀራል። የዳን ኩሬ ፎረል ያደገው በፋብሪካ መኖ ስለሆነ የዝንብ አምሮት ላይኖረው ይችላል። አዛውንቱ ላባው በመኖ ቅርጽ እንዲሠራ መክረዋል። የመስክ ሥራው ከሲግድ በዓል በኋላ እንዲሆንም አሳስበዋል፤ ሲግድ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን ስለሚውል እስከዚያ የሚያውቁት ሰው ሁሉ የሚሳፈረው ወደ ኢየሩሳሌም ነው።