ስምንት መቶ ዶላር ከነዝናቡ

ጥቅምት ሲገባ ሲያትል ውስጥ ወሬው ሁሉ ጃኬት ይሆናል። ሬይኒየር ቫሊ ያሉት ቡና ቤቶች ብትገቡ ጃኬት፣ ቅዳሴ አልቆ ደጀ ሰላም ላይ ሰላምታ ስትለዋወጡ ጃኬት፣ ክርስትና ብትጠሩ ጃኬት። «ያንተ ስንት ነው?» «በቅናሽ ነው ያገኘሁት፤ አምስት መቶ።» «የኔ ስምንት መቶ ነው፤ ግን የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው።» ስለ ዋስትናው በኋላ እመጣበታለሁ፤ እሱም የራሱ ጉድ አለው።

እኛ እኮ ዝናብ አይተን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ሲያትል በዓመት የምታገኘው አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ያንን ትበልጣለች። ልዩነቱ፣ የኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርድ ይወርድና ይለይለታል፤ የዚህኛው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሲያካፋ ይከርማል። በክረምት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ያደግን ነን። ያለው ጃንጥላ ይዘረጋል፣ የሌለው ፌስታል አናቱ ላይ ያጠልቃል፣ ሁለቱንም ያጣ በረንዳ ስር ይጠለላል። ስለ ጨርቁ ድርብ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እዚህ ግን በካፊያ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ከሌላ አገር መምጣቱ ወዲያው ይታወቅበታል፤ የከተማው ሰው ጃንጥላ መያዝን እንደ ሽንፈት ነው የሚያየው። እኛም ቶሎ ተማርን። የ15 ዶላሯን ጃንጥላ መኪና ውስጥ ጥለን ጃኬት ፍለጋ ወጣን።

ሱቁ ስትገባ ሻጩ ከበር ይቀበልሃል። ቅዳሜና እሁድ ተራራ ላይ የሚያድር የሚመስል ጎረምሳ ነው፤ ክፋት የለበትም። ጃኬቱን አውርዶ ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው እየተድቦለቦለ ይንከባለላል። «ጨርቁ ሦስት ድርብ ነው፤ ስፌቱ ከውስጥ በሙሉ ታሽጓል፤ ብብቱ ስር ሙቀት ማስወጫ ዚፕ አለው፤ ቆቡ ሄልሜት ላይ ይጠለቃል» ይልሃል። አንተ ሄልሜት የምታደርገው የት እንደሆነ አይጠይቅህም። መንገድህ ከቤት ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ሥራ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ኪሱ ነው። ውድ ከሚባሉት የተራራ ጃኬቶች ብዙዎቹ ኪሳቸው ደረት ላይ ነው፤ ገደል የሚወጣ ሰው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የገመድ ቀበቶ እንዳይሸፍነው ተብሎ። ጥሩ፤ ለገደል ወጪው ይመቸዋል። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆመህ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ እጅህን ወደ ጎንህ ስትሰድ ግን ኪስ የለም። ስምንት መቶ ዶላር ከፍለህ እጅህን የምትከትበት ታጣለህ።

ከጨርቁ ጀርባ ያለውን ፈጠራ ግን አላጣጥልም። ቦብ ጎር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 በመጥበሻ የምናውቀውን የቴፍሎን ዘር በሙቀት አለስልሶ ቀስ ብሎ ሊለጥጠው ቢሞክር እየተበጠሰ አስቸገረው። ቢሰለቸው ጊዜ በኃይል ነጨት አደረገው፤ ያን ጊዜ ሳይበጠስ ተለጠጠለት። አብዛኛው አካሉ አየር የሆነ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ስስ ነገር ወጣው። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፤ ከላብ የሚነሳውን እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ጎርቴክስ የምንለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጨርቁን መጀመሪያ ለገበያ ያዘዘውም ኧርሊ ዊንተርስ የተባለ የሲያትል ድርጅት ነበር። ከዚህች ከተማ ሌላ ማን ያዘዋል!

ሻጩ የሚያልፈው ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያ ውሃውን እያድቦለቦለ ያንከባለለው የጎር ፈጠራ አይደለም። የጎር ፈጠራ ከሁለት ጨርቅ መካከል ተቀብሮ ነው የሚኖረው። ውሃውን የሚያንከባልለው የላይኛው ጨርቅ የተነከረበት ኬሚካል ነው፤ እሱ ደግሞ ያልቃል። የቦርሳ ማንገቻ ይፍቀዋል፣ የመኪና ቀበቶ ይፍቀዋል፣ የአንገት ወዝ ያበላሸዋል። ያለቀ ዕለት የላዩ ጨርቅ ውሃውን ይጠጣና ትከሻህ ላይ ይከብዳል። ውሃው ወደ ውስጥ ባይዘልቅም የላብህ እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ደርሶ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ሸሚዝህን ያበሰብሰዋል። «ጃኬቱ አስገባ» ብለህ ትወስድላቸዋለህ። «አላስገባም፤ ላብህ ነው» ብለው ይመልሱልሃል። ሐቃቸውን ነው። የበሰበሰ ሰው ግን ሐቅ ምን ይሠራለታል?

ደግሞም እንፋሎቱ ወደ ውጭ በደንብ የሚገፋው ከውስጥ ሞቅ ብሎ ሲረጥብ፣ ከውጭ ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲኖር ነው። በረዶ ለለበሰ ተራራ ጥሩ። የሲያትል ካፊያ ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት የጠገበ ነው፤ ብርዱም ያን ያህል አይደለም። እንፋሎቱ ወዴት ይሂድ? አውቶቡስ እንዳያመልጥህ ሁለት መንገድ ሮጥ ብለህ ስትሳፈር፣ ውስጥህ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል።

ከዚያ የእጥበቱ ጣጣ አለ። በተራ ሳሙና እንዳታጥበው፤ ቅሪቱ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ውሃ ይስባል። ማለስለሻ እንዳታደርግበት። የራሱ ሳሙና አለው፤ ለአንዲት ጠርሙስ ከአሥር ዶላር በላይ ትከፍላለህ። ካጠብከው በኋላ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ታዞረዋለህ፤ ኬሚካሉ የሚነቃቃው በሙቀት ነውና። ይህም አልሆን ሲል የሚረጭ ወይም የሚነከር መድኃኒት ትገዛለህ፤ እሱም ሌላ ዶላር። «አይታጠብ፤ ያበላሸዋል» እያለ ዓመቱን ሙሉ ከነእድፉ የሚለብስ ሞልቷል። እሱ ደግሞ ይባስ ያበላሸዋል፤ ወዙና አቧራው ነው ጨርቁን ውሃ የሚያስጠጣው። እናቴ ጋቢዋን በላርጎ አጥባ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ያን ያህል ጭንቀት አላየሁባትም።

አሁን ደግሞ ያ ኬሚካል ራሱ ጉድ አመጣ። ለዓመታት ጃኬቶቻችን የተነከሩበት ፒኤፍኤኤስ ከሚባለው ዘር ነበር፤ በቀላሉ ስለማይፈርስ «የዘላለም ኬሚካል» ይሉታል። ውሃ ውስጥም በሰው ደም ውስጥም ተገኘ። ካሊፎርኒያ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው አዳዲስ ልብሶች እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ለከባድ ዝናብ የሚሠሩትን ብቻ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባቸው እስከ 2028 ታገሰቻቸው። ጎርም እ.ኤ.አ. በ2022 በሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ስስ ሽፋን ማውጣት ጀመረ። ይህን አልቃወምም፤ መርዝ ከሆነ ይቅር። ነገር ግን አዲሱ መንከሪያ ውሃን እንጂ ቅባትን አይመልስም፤ ስለዚህ ቶሎ ያድፋል፤ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ ይባላል። ሥራው ወደኛ ዞረ፤ ዋጋው ግን አልወረደም።

እሺ ዋስትናው። «ዕድሜ ልክ» ሲሉህ ያንተን ዕድሜ አስበህ ደስ ይልሃል። ጠይቀህ መልሱ ሲመጣ ግን የጃኬቱ ዕድሜ ነው፤ የጃኬቱ ዕድሜ ስንት እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው። የኔው ጃኬት ስፌቱን ከውስጥ ያሸገው ፕላስተር ትከሻው ላይ መላቀቅ ሲጀምር አጥቤ፣ አጥፌ፣ በካርቶን ጠቅልዬ ላክሁላቸው። (ሳይታጠብ የመጣ አይቀበሉም።) ብዙ ጠበቅሁ። ዝናቡ አልጠበቀኝም። በመጨረሻ «ተፈጥሯዊ እርጅና ነው» የሚል ትሑት መልስ መጣ፤ ከሱ ጋር ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ትንሽ ቅናሽ። ሌላ ጃኬት ግዛ ማለታቸው ነው። በሌላ በኩል ሐቀኛ ልሁን፤ እኛ ደንበኞችም ንጹሕ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እዚሁ ሲያትል ያለው የአር ኢ አይ ኅብረት ሥራ ሱቅ ድሮ ዕቃውን ያለ ጊዜ ገደብ ይመልስ ነበር፤ ሰው ለዓመታት የተራገጠበትን ጫማ ሳይቀር እየወሰደ ገንዘቤን እያለ ቢያስቸግር እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዓመት አደረገው። ጥገናን በቁም ነገር የያዙም አሉ። ፓታጎኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የራሱን ጃኬት ፎቶ አውጥቶ «ይህን ጃኬት አትግዙ» ብሎ ማስታወቂያ አሠርቷል። ገዢው ግን አልሰማውም፤ ይበልጥ ገዛ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ሲታክ ኤርፖርት ሂዱ። አውሮፕላን ስር ሻንጣ የሚጭኑት፣ መኪና ማቆሚያ የሚያስተናግዱት ስንቶቹ የኛ ልጆች ናቸው! ስምንት ሰዓት ሙሉ ዝናብና ንፋስ የሚወርድባቸው እነሱ ናቸው፤ የሚለብሱት መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን የሚያብረቀርቅ ቢጫ ካፖርት ነው። ስምንት መቶ ዶላሩን ጃኬት የለበሰው ከመኪና ወርዶ ቡና ቤት እስኪገባ ድረስ ነው ዝናብ የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቲክቶክ ላይ ወጣቶች የአርክቴሪክስ ጃኬታቸውን ለብሰው ሻወር ስር ቆመው ሲቀርጹ የነበረው ወደው አይደለም፤ ጃኬቱን የሚያሳዩበት ዝናብ ቸግሯቸው ነው። ካናዳ ጉስ ከሺህ ዶላር በላይ የሚሸጠውን ካፖርት ለዋልታ ብርድ ሠርቶት የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚታየው፤ ባለቤቱ በላብ ተጠምቆ፣ አውልቆም እንዳይዘው ክንዱ ላይ ያለው ምልክት እንዳይደበቅበት እየፈራ።

ዝናብን እንጀራቸው ያደረጉትን ማየት የፈለገ ደግሞ ፊሸርመንስ ተርሚናል ይውረድ። ወደ አላስካ የሚሄዱት ብዙዎቹ የዓሣ ጀልባዎች የሚቆሙት እዚያ ነው። ማዕበል የሚደበድባቸው እነዚያ ሰዎች የሚለብሱት ወፍራም የፕላስቲክ ልብስ ነው፤ ጃኬቱ ከሁለት መቶ ዶላር በታች ይገኛል። እንፋሎት አያስወጣም፣ አያምርም፣ ይከብዳል። ውሃ ግን አያስገባም፤ በልዩ ሳሙና እጠበኝ ብሎም አያስቸግር፤ በቱቦ ውሃ ታጥቦ ይሰቀላል።

እና እኛ? እኛ ዘንድ ጃኬቱ የዝናብ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ሲገባ የሚለበስ ነው፤ ቦሌ ላይ ገና ስትወርድ ዓይን የሚያርፈው ደረትህ ላይ ካለው ምልክት ነው። ከዚያ ስልኩ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ያን የላባ ጃኬት እንዳትረሳኝ፤ ኦርጅናሉን ነው ሃ! ፎርጅዱ መርካቶ ሞልቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞልቷል። በጠራራ ፀሐይ ፒያሳ ላይ በላባ ጃኬት የሚያልበው ወጣት ብዙ ነው። ግን ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ስምንት መቶ ዶላር ከመቶ ሺህ ብር በላይ እንደሆነ እሱም ያውቃል። «አጎቴን ላሳክምበት» ቢለኝ እንዴት ደስ ብሎኝ በላክሁ! እሱ ግን ጃኬት ነው ያለው። እምቢ ብትል ከዳህ ይልሃል፤ ርካሹን ብትወስድ ገልብጦ ምልክቱን ይፈልጋል።

ተራራ የሚወጣ ካለ እሱን አልናገርም። የሬይኒየር ተራራ 4,392 ሜትር ነው፤ እዚያ በረዶ ላይ ለሚያድር ስምንት መቶውም ይገባዋል፤ ነፍሱ ነውና። ራስ ደጀን ከሬይኒየር ይበልጣል፤ የአካባቢው እረኛ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚውለው። (ጋቢ ዝናብ ይችላል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የበሰበሰ ጋቢ ተሸክሞ ቤቱ የገባ ያውቀዋል።) የኛ ቤት ልጆች ግን፣ ስንቶቻችን ነን ገመድ ታጥቀን ገደል የምንወጣው? ካርዱን ስናስከፍል ያዋጣነው ለሌላ ሰው ተራራ ነው።

ስፌቱ የታሸገ፣ ቆቡ በደንብ የሚጠብቅ፣ ጎኑ ላይ ኪስ ያለው ጃኬት በ150 ዶላር አለ። ኬሚካሉ እንደ ባለ ስምንት መቶው ያልቅበታል፤ እንደሱ ይታጠባል፤ እንደሱ ይነከራል። ሰልባጅ የማይንቅ ሰው ደግሞ በዚህች ከተማ ሁለት ጊዜ ብቻ የተለበሰ የተራራ ጃኬት በግማሽ ዋጋ ያገኛል፤ ሀብታሙ ቀለሙ ሲሰለቸው ይሸጠዋል። ዝናብ ላይ ቆማችሁ የምትሠሩ፣ የዓሣ አጥማጆቹን ግዙ። አውቶቡስ ለምትጠብቁ ግን ባለ ስምንት መቶው አያስፈልጋችሁም፤ ባለ መቶ ሃምሳው ይበቃችኋል፤ ስድስት መቶ ሃምሳውን የቤት ኪራይ ላይ ጨምሩት።