ያለ ጭነት በረሃ ስለ መሻገር

ሜልቦርን፣ ነሐሴ 20 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ጾመ ፍልሰታ በሰላም ተፈታ? ጉልበትዎን የሚይዝዎ ቁርጥማት በዘንድሮው ክረምት አላስቸገረዎትምን? እኔ፣ የሰማይና የምድር ፈጣሪ ይክበር ይመስገን፣ ከዚህ በታች ከምተርክልዎ ከአንዲት ውርደት በቀር ፍጹም ደኅና ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ፣ እናንተ እዚያ በዝናምና በጭቃ ተከባችሁ እሳት በምትሞቁበት ሰሞን፣ እኔ እዚህ በምድር ግርጌ፣ ሲምፕሰን የሚባለውን የአውስትራልያ ምድረ በዳ በመኪና አቋርጬ መመለሴን ስነግርዎ፣ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ከፍ አድርገው «ምን ጭኖ?» ብለው እንደሚጠይቁ ጥርጥር የለኝም። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሻላልና፣ ጋሼ፣ ምንም አልጫንሁም። የተላክሁበት ጉዳይ፣ የማደርሰው ዕቃ፣ ደረሰኝ ፈርሞ የሚቀበለኝ ነጋዴ አልነበረም። ይህም ሳያንስ፣ ደመወዝ በመቀበል ፈንታ ከኪሴ አውጥቼ የከፈልሁት እኔው ነኝ።

እርስዎ በዚያች በኤንትሬ ፊያት፣ ተሳቢዋን እየጎተቱ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደው፣ ሚሌን አልፈው፣ በኤሊዳርና በማንዳ አድርገው እስከ አሰብ ወደብ ሲመላለሱ በኖሩበት ዘመን፣ ቤት በገቡ ቁጥር ጫማዎን እያወለቁ «እኔ በዚህ ሐሩር የምቀቀለው ልጆቹ እንዳያዩት ብዬ ነው» ይሉ እንደ ነበር አልዘነጋሁም። በእኛ አገር ወደ በረሃ የሚወርድ ሰው ወይ ዓለምን የናቀ መናኝ ነው፣ ወይ ትርፍ የሚሻ ነጋዴ ነው፣ ወይ እንደ እርስዎ ያለ የቤተሰብ ዕዳ ያለበት ነጂ ነው፤ እዚህ ግን አራተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ዓመት ሙሉ ሠርቶ፣ ዕረፍት በተሰጠው ጊዜ ውኃ፣ አልጋና ስልክ የሌለበትን ሥፍራ መርጦ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚሰቃየው ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ሱባኤ መያዝ ከፈለግህ ቤተ ክርስቲያን በነጻ ነው» አለችኝ።

የነገሩ መነሻ ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛ መምህር ናቸው። አብሯቸው ሊሄድ የነበረው ወዳጃቸው ጉልበቱን ታሞ ስለ ቀረባቸው፣ እኔም በዚህ ከተማ ታክሲ ነጂ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ መሪውን በየተራ እንድንይዝ ለመኑኝ፤ እኔም፣ የአሰብ መንገድ ነጂ የወንድም ልጅ ነኝና በረሃ በደሜ ውስጥ አለ ብዬ፣ ሳላስብ እሺ አልሁ።

ከሜልቦርን ተነሥተን እስከ በረሃው ደፍ ለመድረስ ብቻ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። ምድረ በዳው ስፋቱ ከ170,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አሸዋው እንደ ባሕር ሞገድ የተዘበራረቀ ሳይሆን፣ አንድ ግዙፍ ገበሬ በጥማድ አርሶ ዘር ሳይዘራበት እንደ ተወው ማሳ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በተዘረጋ ትልም ላይ ትልም ሆኖ ተሰልፏል። እነዚህ ትልሞች ከ1,100 በላይ እንደሚሆኑ ይነገራል፤ አንዳንዱም ሳይቋረጥ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ቀለሙም በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ምክንያት እንደ በርበሬ ቀልቷል። መንገደኛውም ትልሙን ተከትሎ በመሄድ ፈንታ አግድም እየሰነጠቀ፣ አንዱን ወጥቶ ሲወርድ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ስሙን በተመለከተ፣ ሴሲል ማዲጋን የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 በረሃውን ከአውሮፕላን ላይ ካየው በኋላ፣ የምድጃና የብረታ ብረት ዕቃ ፋብሪካ ባለቤትና የአገሩ የጂኦግራፊ ማኅበር አለቃ በነበረው በአልፍሬድ አለን ሲምፕሰን ስም ጠራው። የአገሩ ባላባቶች የሆኑት የዋንግካንጉሩ ሕዝቦች ግን፣ ባዕዳን ባዶ ነው ባሉት በዚህ አገር መካከል «ሚኪሪ» የሚሏቸውን ጉድጓዶች ቆፍረው፣ የየውኃውን ሥፍራ ለልጆቻቸው እያስጠኑ ለብዙ ዘመናት ኖረውበታል። በ1936 ቴድ ኮልሰን የተባለው ሰው በአምስት ግመሎች ሲሻገረው ያለ አገሬው ተወላጅ ጓደኛው ያለ ፒተር ኤንስ አልሄደም፤ በ1962 ደግሞ ሬጅ ስፕሪግ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጠው። እንግዲህ በዚህ በረሃ ታሪክ ቤተሰቡን እንኳ የጫነ አለ፤ ባዶውን የሄድሁት እኔ ነኝ።

ጉዞው ለብቻ አይደፈርምና ሰባት መኪና ሆነን በኮንቮይ ተሰለፍን። መሪያችን፣ ጋሼ እንዳይደነግጡ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሴት ናቸው፤ ቃላቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ግን እንደ ንስር ነው። ሥርዓቱን እንደ ገዳም ሕግ አንድ በአንድ ነገሩን። በመጀመሪያ፣ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ መኪና በጉብታው አናት ላይ ሳያየን እንዳይጋጨን፣ ሁሉም በረጅም ዘንግ ላይ ሰንደቅ ይሰቅላል፤ ጫፉም ከመሬት ሦስት ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት፤ ሰባታችን ተከታትለን ስንወጣ የጥምቀትን ዑደት እንመስል ነበር፤ ታቦቱና እልልታው ብቻ ጎደለ። ሁለተኛ፣ እስከ ማዶ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ማደያ የለምና ነዳጅና ውኃ በልክ ይያዛል። ሦስተኛ፣ አካፋ ይዞ ብቻውን ከጉብታው ጀርባ የሚሄድን ሰው «ወዴት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አራተኛ፣ የመጨረሻው መኪና ሳይታይ የፊተኛው አይንቀሳቀስም። እኛ ቁጥር ሰባት፣ ጭራ ነበርን።

አምስተኛው ሕግ የራዲዮ ነው፤ እኔም በእርሱ ላይ ተሰናከልሁ። በመጀመሪያው ማለዳ መምህሩ መናገሪያውን ሲያቀብሉኝ፣ ሰው ባለበት ገብቶ ሰላምታ አለመስጠት ነውር መስሎኝ፣ «ቁጥር አንድ እንደምን አደሩ፤ ቁጥር ሁለት ብርዱ አልጎዳችሁምን፤ ቁጥር አምስት ያሉት እናት ወገባቸው ተሻላቸውን» እያልሁ ሁሉንም በየተራ ማዳረስ ጀመርሁ። ቁጥር ስድስት ላይ ስደርስ መሪያችን «ቁጥር ሰባት፣ ተሰምቷል» ብለው ቆረጡኝ። ከዚያም መስኮቴ ድረስ መጥተው፣ እኔ የሰው ወገብ ስጠይቅ ከማዶ የሚወጣ መኪና መምጣቱን ለማስታወቅ እንደማይችል አስረዱኝ። አፈርሁ። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ በቆምንበት ሰዓት፣ የቁጥር አምስቷ ሴት የልብ ወዳጅ እንዳገኙ ሁሉ ወደ እኔ ቀርበው የወገባቸውን ታሪክ ከሥሩ ጀምረው ሲነግሩኝ፣ ሰላምታዬ በከንቱ አለመቅረቱን ተረዳሁ።

በበረሃው መግቢያ ዳልሃውሲ የሚባል የፍል ውኃ ምንጭ አለ። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ኩሬው ግን ከሰው ገላ ያላነሰ ሙቀት ያለው ሲሆን፣ ጭጋጉ በላዩ እንደ ዕጣን ይጤሳል። ሌሎቹ ዘለው ሲገቡ እኔ በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ ካማተብሁ በኋላ ቀስ ብዬ ገባሁ፤ ጠበል ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ግን ለማንም አልተናገርሁም። ጥቃቅን ዓሦች እግሬን ሲነካኩኝ የጮኽሁትን ጩኸት ግን ከርኩስ መንፈስ መውጣት የሚለየው አልነበረም።

አሁን ወደ ውርደቴ ልመለስ። አሸዋው ከመጀመሩ በፊት መሪያችን የሁላችንም ጎማ እስከ 16 ፒኤስአይ ድረስ እንዲተነፍስ አዘዙ። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ «ጎማ ካልጠነከረ ጭነት አይሸከምም» እያሉ በመዶሻ ሲመቱት ያየሁት እጅዎ ትዝ ብሎኝ፣ አየሩን በጥቂቱ ብቻ ቀንሼ 30 ላይ ተውሁት፤ ለመምህሩም ይህ የአሰብ ጥበብ መሆኑን በኩራት አብራራሁላቸው። እስከ አራተኛው ጉብታ ድረስ በጉልበት ወጣሁ። አምስተኛው ላይ ግን፣ ወደ አናቱ ሦስት ክንድ ያህል ሲቀረኝ፣ ጎማው እንደ ወፍጮ ባለበት ይዞር ጀመር፤ ነዳጁን በረገጥሁ ቁጥር መኪናው ለራሱ መቃብር የሚቆፍር ይመስል እየሰመጠ ሄዶ በሆዱ ተቀመጠ። በሕጉ መሠረት ስድስቱም መኪኖች ከማዶ ቆመው ጭራቸውን ጠበቁ።

መሪያችን በእግራቸው ጉብታውን ተሻግረው መጡ። አልተቆጡም፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ከኪሳቸው መለኪያ አውጥተው በፊተኛው ጎማ ላይ ሰክተው፣ ቁጥሩን በዝምታ ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ። ከዚያ ተንበርክከው አየሩን ለቀቁት፤ ያ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጎማው ይሁን ከእኔ እንደሚወጣ መለየት አልተቻለኝም። አራቱም ጎማዎች ሆዳቸው ተዘርግቶ እንደ ግመል መዳፍ በሰፉ ጊዜ፣ አሸዋውን በአካፋ ጠርገን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሼ ቀስ ብዬ በከባድ ማርሽ ብነዳው፣ ያ ሲገፋኝ የነበረው ጉብታ እንደ ፈረስ ጀርባ ተሸክሞ አወጣኝ። ምሥጢሩን ማታ መምህሩ ገለጡልኝ፤ የተነፈሰ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ስለሚጨምር ክብደቱ ተከፋፍሎ በላይ ይንሳፈፋል፤ የተነፋው ግን ጠቦ ይቆፍራል። ጋሼ፣ የእርስዎ ጥበብ ሐሰት አልነበረም፤ የእርስዎ መንገድ አስፋልት ነበር። ሐሰቱ የእኔ ነው፤ የሌላ አገር ጥበብ ይዤ፣ የሚያውቀውን ሰው ሳልጠይቅ መንዳቴ።

ዓርብ ማታ እነርሱ ሥጋ ሲጠብሱ እኔ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽሮ ሠራሁ፤ ነፋሱ አንድ ጭብጥ ቀይ አሸዋ ጨመረበትና በርበሬው በዛ ብለው አደነቁልኝ። ሌሊት በሸራ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለን ስንተኛ፣ በላያችን በዚህ ንፍቀ ክበብ ደምቆ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ያለው የከዋክብት ጉባኤ በራ።

በአራተኛው ቀን ሦስት ክፍላተ አገር ከሚገናኙበት ከፔፐል ጥግ ደረስን። በ1880 ኦገስተስ ፔፐል የተባለው ቀያሽ ምሰሶውን የተከለው ባልሆነ ሥፍራ ነበር፤ የመለኪያ ሰንሰለቱ አንድ ኢንች ያህል ረዝሞ ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ርቀት ሲባዛ ስሕተቱ በዛ፤ ኋላ ላሪ ዌልስ የተባለው ወደ ትክክለኛው ቦታ አዛወረው። በዚያ ምሰሶ ዙሪያ በሐምሌ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ፤ ኩዊንስላንድ ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ሰዎቹ በዚህ ሲደነቁ፣ እኔ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከሁላችሁም ስድስት ሰዓት፣ ዘመኑም ስምንት ዓመት ይለያል ብላቸው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ምሰሶው የሚያወራ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲያ ግመሎች አየን፤ ጋሼ፣ ባለቤት የሌላቸው ግመሎች! በአፋር ምድር ጌታው የማይታወቅ ግመል አይተው ያውቃሉ? በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከእስያ ከነነጂዎቻቸው መጥተው የዚህን አገር ጭነት ሁሉ የተሸከሙ ነበሩ፤ የጭነት መኪና ሲመጣ ግን ሥራ ፈቱና ወደ በረሃው ተለቀቁ፤ እነሆ ዛሬ ዘራቸው በዝቶ ያለ ጭነት ይንጎራደዳል። አንዱ ቆሞ ሲያየን፣ እኔም እርሱም ያለ ጭነት በበረሃ መገናኘታችንን አሰብሁና ሰላምታ ሰጠሁት። በራዲዮ አልነበረም።

የመጨረሻው ፈተና «ትልቁ ቀይ» የሚባለው፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጉብታ ነው። መሪያችን ጎማዬን እንደ ጸሎተ ፍትሐት ዝም ብለው ዞረው መረመሩና እጃቸውን አነሱ። በአንድ ጊዜ ወጣሁ። ከአናቱ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ፣ ያቋረጥነው ትልም ሁሉ እስከ አድማስ ድረስ ተደርድሮ ይታይ ነበር፤ ከፊታችን ደግሞ መቶ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት በርድስቪል፣ በ1884 ከተሠራው ሆቴሏ ጋር ትጠብቀን ነበር።

እንግዲህ «ምን ጭኖ?» ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ሄድሁ በኩራት ተጭኜ፣ ተመለስሁ ቀልሎኝ። የእርስዎ በረሃ ግን ያለ ጭነት እንዳልሆነ አሁን በይበልጥ ገብቶኛል፤ እኔ የዕረፍት ቀኔን የገዛሁበትን መከራ እርስዎ የእኔን የትምህርት ቤት ክፍያ ጭነው ይሻገሩት ነበርና፣ ስለዚህ እጅዎን እስማለሁ። ቪዛውን እግዚአብሔር ቢያሳካና ቢመጡ፣ አብረን እንሄዳለን፤ መሪውንም እሰጥዎታለሁ፤ ጎማውን ግን እኔ ነኝ የማስተነፍሰው።

ታዛዥዎ፣ የወንድምዎ ልጅ