ሰልፉን ያሳመረ ቡናማ ጥርስ

አዳማ ላይ ብሬስ ያሳሰረ ሰው «መቼ ይፈታልሃል?» ሲባል «ከዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት» ይላል። በልዩነቱ ውስጥ ብቻ አንድ ልጅ ተጸንሶ፣ ተወልዶ፣ ጥርስ ያበቅላል።

በሐኪሙ አይፈረድም። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው አጥንቱ በአንድ በኩል እየሟሟ በሌላው እየተገነባ ነው፤ ፍጥነቱም በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። አጥንት ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

አዳማ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ ሰው ግን ጭማሪ አለው። በአካባቢው የብዙ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ የበለጠ ፍሎራይድ ይዟል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ዋጋ ከፍሎበታል። ፍሎራይድ ጎድቶ ቡናማ ያደረገው ጥርስ ደግሞ የብሬስ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም። ባለ ብሬሱ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ከብረቶቹ አንዷ ከቆሎው ጋር ትመጣለች። ሐኪሙ ቆሎውን ይቆጣል፣ ቀጠሮውን ይገፋል። ቆሎው ዝም ይላል።

አንድ ቀን ግን መፈታቱ አይቀርም። ያኔ ጥርሱ እንደ ወታደር ተሰልፎ፣ ቡናማ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ብቅ ይላል። ብሬስ ሰልፍ እንጂ ቀለም አያስተካክልማ! ሰልፉም ቢሆን ማታ ማታ ጥርሱን በቦታው የሚይዘው ሪቴይነር ካልተደረገ ይፈርሳል። «ጨረስኩ» ያለ ሰው ገና ጀመረ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለብሬስ ዕቁብ ከመግባታችሁ በፊት የምትቀዱትን ውሃ አስመርምሩ። የፊት ጥርስ ቀለም የሚበላሸው በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ውሃውን አፍልተን እናጠጣለን የምትሉም ስሙ፦ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም።