መከራን የመከራየት ጥበብ

በአዲስ አበባ መሃል ደህና ቤት በደህና ዋጋ መከራየት ከባድ ነው ይባላል። መጥፎ ቤት በውድ ዋጋ መከራየት ግን ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። እሱም የራሱ ሙያ አለው። ውል በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ አለ፤ ቅድሚያ ክፍያን የሚገድብ አንቀጽ አለ፤ ውል የሚመዘግብ ወረዳ አለ። ይህን ሁሉ እንቅፋት አልፎ ለመጎዳት ተከራዩ ከአከራዩና ከደላላው ጋር እጅና ጓንት ሆኖ መሥራት ይጠበቅበታል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ድካሙን ለማቅለል ነው።

አንደኛ፦ ቀኑ ሲያልቅ መነሳት

ፍለጋ የሚጀመረው አከራይዋ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ካሉ ከርመው፣ ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት መነሳት ለማወዳደር ያጋልጣል። አራት አምስት ቤት ያየ ሰው የሰፈሩን ዋጋ ያውቃል፤ ዋጋ ያወቀ ሰው ይከራከራል፤ የሚከራከር ሰው ደግሞ የሰውን የእንጀራ ገመድ ያሳጥራል። ዕቃውን በካርቶን አስሮ፣ አይሱዙ ተከራይቶ በር ላይ ያቆመ ሰው ግን ያሳዩትን ይይዛል።

ደላላው ይህን ከድምፁ ይለየዋል። «ቤቱ ዛሬ ነው የወጣው። አንድ ሰውዬ አይተውት ሄደዋል፣ ማታ ቀብድ ሊያመጡ ነው» ይላል። እኚህ ሰውዬ የተከበሩ ናቸው። በከተማው ውስጥ ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ያየ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቀብድ ሊያመጡ እንደሄዱ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቤት አልያዙም። ብልህ ተከራይ ስለ እሳቸው አይጠይቅም። ኪሱን ይዳስሳል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ያላየውን ቤት ቀብድ በቴሌብር ይልካል። ከእሱ ጋር በዚያው ከሰዓት ለዚያው ቤት ቀብድ የላኩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው በር ላይ ሲገናኙ ለመተዋወቅ ጥሩ አጋጣሚ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ መሃል ከተማን ለደላላው ትርጉም መተው

አዲስ አበባ አንድ መሃል የላትም። ፒያሳ ለሚሠራ መሃሉ አራዳ ነው፤ ባንክ ቤት ለሚሠራ ሜክሲኮና ስታዲየም፤ ለሌላው ቦሌ፣ ለሌላው መገናኛ። ቤት ፈላጊው መጀመሪያ በየቀኑ የት እንደሚውል ቢያስብ ፍለጋው በሁለት በሦስት ሰፈር ይወሰን ነበር። ስለዚህ አያስብ። «መሃል ላይ ይሁን እንጂ» ብሎ ይተወው። «ከቦሌ አምስት ደቂቃ» ሲባልም በምን እንደሆነ አይጠይቅ። ያ አምስት ደቂቃ የተለካው እሑድ በማለዳ፣ በመኪና፣ ምናልባትም በደላላው ምኞት ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በመመሪያው መሠረት ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም። አንደኛው መስመር አያትን ከጦር ኃይሎች፣ ሌላው ምኒልክ አደባባይን ከቃሊቲ እንዲያገናኝ ተዘረጋ፤ ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ትንሽ ወጣ ብሎ ፌርማታ አጠገብ ወይም የሸገርና የአንበሳ አውቶቡስ ቀጥታ በሚያልፍበት ሰፈር የያዘ ሰው በአነስተኛ ኪራይ መሃል ከተማ ሊደርስ ይችላል። ይህ ኑሮን ስለሚያቀል የተከለከለ ነው።

የሚፈቀደው ከሁለቱ ጠርዞች በአንዱ ላይ መጣበቅ ብቻ ነው። ወይ ቦሌ ላይ ከደመወዙ ሦስት አራተኛውን የሚበላ ስቱዲዮ፤ ወይ ደግሞ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በርካሽ ይዞ ሜክሲኮ ሥራ በራይድ መመላለስ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ኪራዩን ከትራንስፖርቱ ጋር እንዳይደምር አጥብቆ ይጠንቀቅ። የደመረ ዕለት በዚያው ገንዘብ የባልደራስን፣ የጎተራን ወይም የልደታን ኮንዶሚኒየም ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ መያዝ ይቻል እንደነበር ሊደርስበት ይችላል።

ሦስተኛ፦ ቤቱን በመልካም ሰዓቱ ማየት

ቤት የሚታየው በጥር፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ነው። በሐምሌ የሚያፈስ ጣሪያ በጥር አያፈስም። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው። ቧንቧ መክፈትም እንዲሁ፤ አከራይዋ ምን ይላሉ?

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ይመጣል። ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን ቤት ያየ ሰው «ውሃ አይጠፋም» የሚለውን በዓይኑ አረጋገጠ። የሕንፃው ሮቶ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ግፊቱ ላይኛው ወለል ይድረስ አይድረስ መጠየቅ አያስፈልገውም። ቀደም ብለው ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ሃያ ሊትር ጄሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ጂም መመዝገብ ላቃተው ሰው ይህ ራሱ ትርፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ጎረቤት አይጠየቅ። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ማታ ሰፈሩ እንዴት ነው? የቀድሞው ተከራይ ለምን ወጣ?» የሚሉ ጥያቄዎች የሚመለሱት ከጎረቤት ነው። ጎረቤት ከቤቱ ኮሚሽን አያገኝም፤ ስለዚህ እውነቱን ሊናገር ይችላል። አደገኛ ሰው ነው።

አራተኛ፦ ደህንነትን ለጥበቃው መተው

ጥበቃ አለ? አለ። በቃ። የበሩ ቁልፍ ከሦስት የቀድሞ ተከራዮች ጋር መሆኑ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ በእጅ መነቀሉ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ማታ መብራት የሌለው መሆኑ ዝርዝር ነገር ነው። ያንን መንገድ አንድ ጊዜ ማታ በሁለት ሰዓት በእግር መሄድ ብዙ ነገር ይገልጣል። ደላላውም ቤት በቀን ብቻ የሚያሳየው ለዚህ ይሆናል።

መብራት ላይ ደግሞ ምጣድ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ቴሌቪዥን ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ከግቢው ሁሉ ጋር በሚጋሩት አንድ ቆጣሪ ላይ ምጣዱን መሰካት ኮርኒስ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያግላል። አከራይዋ «እንጀራ መጋገር ክልክል ነው» ካሉ፣ እሳቸው ከተኙ በኋላ በማከፋፈያ መጋገር የመመሪያው ተመራጭ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ፌዙ ይቁም። በጓሮ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች መካከል መስኮት የሌላቸው ብዙ ናቸው። በክረምት ብርድ ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ማንም ሰው መስኮት የሌለው ክፍል አይከራይ። የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው።

አምስተኛ፦ የማን ቤት እንደሆነ አለመጠየቅ

ባለቤቱ ዋሽንግተን ናቸው። ወይም ዱባይ። ቤቱን የሚያከራየው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ወይም የእህታቸው ልጅ ጓደኛ። «ውክልና አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግንኙነትን ያበላሻል፤ የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል ከመታወቂያ ጋር ማመሳከርማ ስድብ ነው። ስድስት ወር ቆይቶ እውነተኛው ባለቤት ከአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመጣ ሁሉም ይጣራል።

ከዚህ የላቀ ጥበብ የሚፈልግ ደግሞ የቀበሌ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይያዝ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ መሃል ከተማውን ለድሃ ያቆዩት እነዚያ ቤቶች ናቸው። ሕጋዊው ተከራይ ለመንግሥት የሚከፍለው ጥቂት ነው፤ ከጎኑ ቆርሶ ለሚያከራያት ክፍል የሚጠይቀው ግን የገበያውን ዋጋ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካሳንቺስ ብዙ ሰፈር ተነሥቷል። «ተነሡ» ሲባል ወረዳው መዝገብ ላይ የሚፈልገው የሕጋዊውን ተከራይ ስም ነው። የክፍሏ ተከራይ ስሙ የለም፤ ስለዚህ ምትክም ሳይጠብቅ፣ ወረፋም ሳይሰለፍ በነፃነት ይወጣል።

ስድስተኛ፦ ሕግን በጋራ መቅበር

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚፀናው በዚህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። አዋጁ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ ይሆናል።

እነዚህን ስድስት ነጥቦች አንድ በአንድ ማክሸፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። «የስድስት ወር ቅድሚያ» ሲባል አሜን ማለት፤ ብሩን በፌስታል አምጥቶ በእጅ መስጠት፤ ደረሰኝ አለመጠየቅ፤ «ወረዳ ምን ያደርግልናል፣ እኛው እንግባባለን» ሲባል ራስን መነቅነቅ።

የመጨረሻው ማዕረግ ግን ባለ ሁለት ዋጋ ውል ነው። ለምሳሌ በአፍ የተስማሙት 20,000 ብር ሆኖ ወረቀቱ ላይ 8,000 ይጻፋል። አከራዩ ይህን የሚፈልገው ለኪራይ ገቢ ግብር ሲል ነው። ተከራዩስ? እሱ የሚያገኘው የአከራዩን ፈገግታ ነው። ስምንቱ ሺህ በባንክ ይገባል፤ አሥራ ሁለቱ ሺህ በእጅ ይሰጣል፤ ያም ሲከፈል የሚያይ ምስክር የለም። ከስድስት ወር በኋላ አከራዩ 26,000 ይሁን ሲል ተከራዩ ወደ ወረዳ ሄዶ «ጭማሪው ከጣራው በለጠ» ማለት አይችልም። በመዝገብ ያለው ስምንት ሺህ ነው፤ የተጨመረውም በመዝገብ የሌለው ገንዘብ ነው። ክስ ቢያቀርብ መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ የፈረመበት ወረቀት ሐሰት መሆኑን ነው።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ትልቅ አጋዥ ነው። አከራይዋ እማማ ናቸው፤ ቡና ጠጣ ብለዋል፤ «አንተ እኮ ልጄ ነህ» ብለዋል። ልጅ እናቱን ፈርሚልኝ አይልም። በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ እንግዳ አያድርም፣ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው የሚሉትን የእናትነት መመሪያዎች ግን ሁሉንም ያከብራል። በዓመቱ ልጅየው ወጥቶ የተሻለ የሚከፍል ሌላ ልጅ ይገባል።

ይህ መመሪያ የማይመቸው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለእሱ ተቃራኒው አጭር ነው። ከሥራ ቦታው ተነሥቶ የመጓጓዣውን መስመር ይለይ፤ ኪራዩን ከትራንስፖርቱ ጋር ይደምር፤ ቤቱን አንዴ በቀን፣ አንዴ ማታ ይይ፤ ቧንቧ ይክፈት፣ ጎረቤት ያናግር፣ የባለቤቱን ካርታና መታወቂያ ወይም ውክልናውን አስተያይቶ ይመልከት፤ ቁልፉን ይቀይር። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይክፈል፤ ሁሉንም በባንክ ይክፈል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚከፍለው ቁጥር ይሁን። ይህን እምቢ ያለ አከራይ ቤት ጥሩ ቢሆንም ይቅርበት። ከፈረመ በኋላ ደግሞ ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ከአከራዩ ጋር ወረዳ ሄዶ ያስመዝግብ።