በአንድ ፒዲኤፍ

የቆቦ ግራና ሸለቆ ስሙ የሚነሳው በመስኖው፣ በሽንኩርቱና በፍራፍሬው ነው። ሰሞኑን ግን ግራና ውስጥ ሌላ ምርት ተትረፍርፏል፤ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ። ገበያው ቴሌግራም ላይ ነው። «የትምህርት ማስረጃችሁን፣ መታወቂያችሁንና የሥራ ልምዳችሁን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፤ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ» ይላል ማስታወቂያው። (ለዜሮ ዓመት ልምድ ማስረጃ የሚጠይቁም አሉ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

የጎረቤታችን ልጅ እጅ ላይ ያለው በስልክ ያነሳው ፎቶ ነው። ዲግሪው መደብ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጥግ የጀበናው አፍ ገብቷል፤ ከሬጅስትራሩ ፊርማ አጠገብ ደግሞ የባለዲግሪው አውራ ጣት ሁለተኛ ማኅተም መስሎ ጉብ ብሏል። አባትየው ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

«ወረቀቱ አለ፣ ፎቶው አለ፤ አሁን ምን ቀራቸው?»

«ፒዲኤፍ ይሁን ነው የሚሉ፣ አባ።»

«ፒዲኤፉስ ከየትኛው ቢሮ ነው የሚወጣ?»

ልጁ መርሳ ከተማ ወዳለ ኮፒ ቤት ሄደ።

«እህቴ፣ እነዚህን ፒዲኤፍ አድርጊልኝ።»

«አብሽር! መብራት ይምጣ እንጂ ችግር የለውም።»

መብራት መጣ፤ ፎቶዎቹ ተደረደሩ፤ ፋይሉ 30 ሜጋባይት ሆኖ ቁጭ አለ። ፒዲኤፍ ፎቶን ይሸከማል እንጂ በራሱ አያሳንስም፤ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ስለገባ ኪሎው አይቀንስ። የዘመኑ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ አንዱ ብቻ 3 እና 4 ሜጋባይት ይሆናል።

የሰፈሩ ልጆች ለዚህም መላ አላጡም። ፎቶውን በቴሌግራም ለራሳቸው ይልኩታል። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከለትን ጨምቆ ያሳንሳል፤ በፋይል መልክ የተላከለትን ግን አይነካም። ያነሰውን መልሰው ያወርዱና «ፕሪንት» ይላሉ፤ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በማተሚያው ፈንታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚል ምርጫ ይመጣል። እሱን ነክቶ መገላገል ነው። የመርሳ ትራንስፖርት ኪስ ውስጥ ቀረ።

የፒዲኤፍን ሐሳብ በ1991 እ.ኤ.አ. ያነሱት ከአዶቢ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ጆን ዋርኖክ ናቸው፤ ኩባንያው በ1993 ለገበያ አቀረበው። ዓላማው ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተር ቢከፈት መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ፣ ከቢሮ ቢሮም ወረቀት ሳይንከራተት እንዲሄድ ነበር። የኛን ሰው ጠባይ ግን አላሰቡበትም። የተላከው ፒዲኤፍ ይከፈታል፣ ይታተማል፣ በፐንቸር ይበሳና ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። ለፈተና የታለፈ ዕለት ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ።»

እናንት ቀጣሪዎች፣ ወይ ፒዲኤፉን እመኑት፣ ወይ ከመጀመሪያው ኮፒውን ጠይቁ። ሥራ የሌለውን ልጅ ሁለት ጊዜ አታስከፍሉት።