ውዳሴ ለመልከ ቀናው ሌባ

ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ሌባ፣ ገነትን የወረሰው በመስቀል ላይ ተሰቅሎ፣ በደሉን ተናዝዞና አስበኝ ብሎ ተማጽኖ ነው። ምስኪን፣ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ሳይታነጽ ተወልዶ በከንቱ ደከመ እንጂ፣ በእኛ ዘመን ቢሆን ኖሮ አንድ ከረባትና አንዲት ባለጸጋ መበለት ይበቁት ነበር።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ኤርንስት ሉቢች እ.ኤ.አ. በ1932 በሆሊውድ ያዘጋጀውን፣ «ሁከት በገነት» የተሰኘውን ፊልም ነው። በዚያም ባሮን ነኝ ባይ ሌባና የመሳፍንት ዘር ነኝ ባይ ሌባ ሴት በቬኒስ ከተማ ለራት ተቀምጠው፣ እርሷ የኪስ ቦርሳውን፣ እርሱ የደረት ጌጧን፣ እርሷ ሰዓቱን፣ እርሱ ደግሞ በጨዋ ፊት ስሙ የማይነሣውን የእግር ሹራብ ማሰሪያዋን ከተመነታተፉ በኋላ፣ ከማሰሪያዋ በቀር ሁሉን በፍጹም ትሕትና ተመላልሰው እዚያው በፍቅር ይተቃቀፋሉ፤ እኛ ለካ ሽማግሌ ስንልክና ጥሎሽ ስንቆጥር የኖርነው መንገዱ ጠፍቶን ኖሯል።

ሌባው ከዚያ ፓሪስ ገብቶ ከአንዲት የሽቱ ኩባንያ ባለቤት 125,000 ፍራንክ የሚያወጣ የእጅ ቦርሳ ይሰርቅና፣ ራሱ መልሶ 20,000 ፍራንክ ወሮታ ይቀበልበታል። ቀራጩ ዘኬዎስ ይህን ጥበብ ባለማወቁ አራት እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ ቤቱን አራቆተ! እመቤቲቱም ሰውዬውን ጸሐፊዋ አድርጋ ሾመችው፣ ወደደችው፣ በመጨረሻም ሌብነቱ ሲገለጥ የሰረቀውን ዕንቁ እንደ ስጦታ ቆጥራ ሸኘችው። (የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበርም ለብዙ ዘመን ሲመዘብራት እንደ ኖረ ፊልሙ ያወሳል፤ ነገር ግን አረጋዊና ክቡር ሰው ስለ ነበረ ሌባ የሚለው ማዕርግ አልደረሰውም።)

የአሜሪካ ፊልም መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1935 ይህ ፊልም ዳግመኛ ለሕዝብ እንዳይታይ ከለከሉ። እኛ እንዲህ ያለ የልብ ድንዳኔ የለብንም። እኔ ራሴ ስቄበታለሁ፤ በብልሃት መሠራቱንም ብክድ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ስለዚህ የወንጀል ሕጉ በሚሻሻልበት ጊዜ የጥርስ ንጣት፣ የዳንስ ችሎታና የልብስ ስፌት ማማር ከቅጣት ማቅለያዎች ተራ እንዲገቡ፣ ፊተ ኮስማናው ግን የሰረቀው ተመዝኖ ሳይሆን መልኩ ታይቶ እንዲፈረድበት በትሕትና አሳስባለሁ።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ሕዝቡ ሳይታወጅ ሠርቶበታል። በአንድ ምሽት እንዲህ ያለውን የሌባ ፍቅር አይተን ስንወጣ፣ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ብላቴና ከአንዲት ወይዘሮ ቦርሳ አሥር ብር ሲመነትፍ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። በጨለማው ውስጥ ለሌባው አዝነው እንባቸውን በመሐረብ ሲያብሱ የነበሩት እኒያው ወይዘሮ ጫማቸውን አውልቀው አናቱን ይወቅሩት ጀመር፤ ሲያጨበጭብ ያመሸውም ሕዝብ በዚያው መዳፉ ተረባረበበት። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይማሩኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ከረባት አላሰረም።